የአጥቂው ስም የት ይኖራል? በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች የወሲብ ወንጀልን የመመዝገብና ለሕዝብ የማሳወቅ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። በአንድ አካባቢ የወሲብ ጥቃት ሲፈጸም የአጥቂው ስም የት ይቀመጣል? ጥያቄው የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የታሪክ ጥያቄም ነው። ማኅበረሰብ ወንጀልን የሚያስታውሰው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለምና። አንዳንዱ በአዋጅ፣ አንዳንዱ በሽማግሌ ቃል፣ አንዳንዱ በፍርድ ቤት መዝገብ፣ አንዳንዱ ደግሞ በሐሜት ያስታውሳል። ማን ምን እንደሚያስታውስ ስናይ፣ ሥልጣን በማን እጅ እንደነበረ እናያለን።

ርዕሱ ወቅታዊም ነው። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በባሕር ዳር ተደፍራ የተገደለችው የሰባት ዓመት ሕፃን ጉዳይ አገር ሲያነጋግር፣ የወሲብ ወንጀለኞች ለምን በስም ተመዝግበው ለሕዝብ አይገለጹም የሚል ድምፅ በሰፊው ተሰማ። ስሜቱ ይገባኛል። ሆኖም በዚያው ሰሞን የሆነውን ልብ በሉ፤ በየስልኩ የዞረው ከሁሉ በላይ የሕፃኗ ስምና ፎቶግራፍ ነበር። በ25 ዓመት እስራት የተቀጣውን ሰው ስም ከሚያስታውሱት ይልቅ የእርሷን ስም የሚያስታውሱት ይበዛሉ። ይህ የአንድ ሰሞን ክስተት አይደለም፤ ረጅም ታሪክ አለው። የዛሬው መከራከሪያዬም ይኸው ነው። በእኛ አገር ለሕዝብ ማሳወቅ የሚባለው ነገር ሳይኖር የቀረበት ዘመን የለም፤ የሚታወቀው ግን የተጎጂዋ ስም እንጂ የአጥቂው አልነበረም።

አንደኛ፦ ከመዝገብ በፊት የነበረው ማሳወቂያ

ዛሬ ምዕራብ ሸዋ የምንለው አካባቢ አብዛኛው ክፍል፣ መቀመጫው አምቦ በነበረው በጅባትና ሜጫ አውራጃ ሥር ይተዳደር ነበር። አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በዚህ አካባቢ ወሬ የሚተላለፍበት ዋነኛ ቦታ ገበያ ነበር። አዋጅ የሚነገረው በገበያ ነው፤ ጠብ የሚታወቀው፣ እርቅ የሚወራው፣ የታጨችውና የተጠለፈችው የሚነገረውም በገበያ ነው። የአምቦ ቅዳሜ ገበያ እህልና ከብት ብቻ ሳይሆን ስምም የሚመዘንበት አደባባይ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

መንግሥት ወንጀለኛን ለማወቅ የሚጠቀምበት ባህላዊ መንገድ ደግሞ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ነበር። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን እስኪያወጣ ድረስ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አይፈቀድለትም። ይህ ሥርዓት በዋነኛነት የዋለው ለስርቆት፣ ለቃጠሎና ለግድያ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አውጫጭኝ ያልታወቀን ሰው የማወቂያ ዘዴ ነው። በጠለፋ ግን ጠላፊው ማን እንደሆነ መጀመሪያውኑ ይታወቃል፤ ሽማግሌ የሚልከውም እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ችግሩ የዕውቀት ማነስ አልነበረም፤ የሚታወቀው ድርጊት ወንጀል ተብሎ አለመጠራቱ ነበር።

በኦሮሞ የጋብቻ ሥርዓት የተከበረው መንገድ ናቀታ ማለትም በቤተሰብ ስምምነት የሚፈጸም እጮኝነት ሲሆን፣ ጠለፋ ቡቲ ይባላል። ቡቲ የሚወገዝ ቢሆንም ጨርሶ ያልተዘጋ በር ነበር። ከተፈጸመ በኋላ ጃርሱማ ማለትም ሽምግልና ይገባል፤ የቤተሰብ ክብር በከብት ወይም በገንዘብ ይካሳል፤ ልጅቷ ሚስት ትሆናለች። እርቁ ሲፈጸም የጠላፊው ስም ይታደሳል። ትናንት በዳይ የነበረው ዛሬ አማች ይባላል። ልጅቷ ግን ወደ አባቷ ቤት ብትመለስ እንኳ «የተጠለፈችው» ተብላ ትታወቃለች። ማሳወቂያው አንዲት ሴት ላይ ተለጥፎ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህን ስል የአካባቢው ባህል ለሴት ድምፅ ቦታ አልነበረውም ማለቴ አይደለም። በተለይ በአርሲ በስፋት የተጠናው የሲንቄ ሥርዓት እንደሚያሳየው፣ ያገቡ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድነት ወጥተው በዳዩን በስሙ የሚጠሩበት፣ ይቅርታ እስኪጠይቅና ካሳ እስኪከፍል ወደ ቤታቸው የማይመለሱበት መብት ነበራቸው። የስዊድኑ አንትሮፖሎጂስት ካርል ኤሪክ ክኑትሶን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጥናት ደግሞ በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ የቃሉ ተቋም ሥልጣን እንዴት እንደተዋቀረ አሳይቷል። እነዚህ ተቋማት የበዳይን ስም በአደባባይ የማንሣት አቅም ነበራቸው። ሲንቄ በተለይ ልናጠናው የሚገባ የማሳወቅ ሥርዓት ነው፤ ምክንያቱም ኀፍረቱን ከተበዳይዋ አንሥቶ በበዳዩ ደጅ ያስቀምጣልና። ነገር ግን ሲንቄ በዋነኛነት የሚጠብቀው ያገባችን ሴት ነበር። ያላገባች ልጃገረድ ሲንቄ የላትም፤ ሲንቄ የሚሰጣት በሠርጓ ዕለት ነውና። በጠለፋ ከሁሉ ይበልጥ የምትጋለጠው ደግሞ ያች ያላገባች ልጃገረድ ነበረች።

ሁለተኛ፦ ሕጉ ሲጻፍ

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከፍትሐ ነገሥት ወግ ወደ ዘመናዊ ኮድ የተደረገ የመጀመሪያ እርምጃ ነበር። ወሳኙ ለውጥ የመጣው ግን በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ሁለት ፊት ነበረው፤ ሁለቱንም ማየት ያስፈልጋል።

በአንድ ፊቱ ሕጉ ዘመናዊ የመዝገብ ሥርዓትን አስገብቷል። ፍርድ በመዝገብ እንዲሰፍር፣ እንደ ሁኔታው ፍርዱ በጽሑፍ ታትሞ ለሕዝብ እንዲገለጽ፣ ጥፋተኛው ከአንዳንድ መብቶቹ እንዲሻር፣ ወደ አንዳንድ ቦታ እንዳይደርስ ወይም በአንድ አካባቢ እንዳይኖር የሚያስችሉ ድንጋጌዎች ነበሩት። ቅጣቱን ፈጽሞ በመልካም ጠባይ የኖረ ሰውም ስሙ እንዲመለስለት የሚያመለክትበትን መንገድ አኑሯል። ስለዚህ የወንጀለኛ መዝገብ፣ ፍርድን ማሳወቅና ለተወሰነ ጊዜ መከልከል ለኢትዮጵያ ሕግ እንግዳ ሐሳቦች አይደሉም፤ ከስድሳ ዓመት በላይ ኖረዋል።

በሌላ ፊቱ ግን ሕጉ እነዚህ ሁሉ በጠለፋና በመድፈር ጉዳይ ከንቱ እንዲሆኑ የሚያደርግ በር ክፍት ትቷል። በአንቀጽ 558 እና 599 መሠረት የተጠለፈችው ወይም የተደፈረችው ሴት አጥቂዋን በፈቃዷ ካገባችና ጋብቻው ካልፈረሰ ክስ አይቀርብም ነበር። «በፈቃዷ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ወላጆቿ ካሳ ተቀብለው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ የመመለሻ መንገዷ ተዘግቶ ሳለ ፈቃድ ምን ማለት ነው? ክስ ከሌለ ፍርድ የለም፤ ፍርድ ከሌለ የመዝገብ ስም የለም። የአውራጃው ፍርድ ቤት መዝገብ ባዶ ሆኖ ሲቀር ምክንያቱ ጥቃት አለመኖሩ ሳይሆን ጋብቻ መዝገቡን ማጥፋቱ ነበር። የታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚወስደው የዘዴ ትምህርትም አለ፤ የመዝገብ ዝምታን እንደ ሰላም ማስረጃ አትውሰዱት።

ሦስተኛ፦ ቀበሌ ሁሉን ያውቃል?

ከአብዮቱ በኋላ በ1967 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 31 እና 47 የገበሬ ማኅበራትንና የከተማ ቀበሌዎችን አቋቋሙ። አምቦን፣ ጉደርን፣ ጊንጪን፣ ጌዶን በመሳሰሉ ከተሞች ሰው በቤት ቁጥር፣ በቤተሰብ ቅጽና በመታወቂያ የታወቀው በዚህ ዘመን ነው። መንግሥት ማን የት እንደሚኖር በዚህ ስፋት ያወቀበት ጊዜ ከዚያ በፊት አልነበረም።

ይህ ዕውቀት ግን ለምን ዋለ? በቀይ ሽብር ዓመታት የቀበሌ መዝገብ ወጣቶች የሚታደኑበት መሣሪያ ሆነ። መዝገብ በራሱ ጻድቅ አይደለም፤ የሚይዘው እጅ ይወስነዋል። የስም ዝርዝር በግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ምን እንደሚያስከትል ያ ትውልድ በሚገባ ያውቃል። ዛሬ በአገራችን ማንኛውም «የሕዝብ ዝርዝር» ሲነሣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሚሰማቸው ስጋት ከዚያ ታሪክ የመጣ እንጂ ለወንጀለኛ ከማዘን የመጣ አይደለም።

አራተኛ፦ በሩ የተዘጋበት ዘመን

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጎዱ ልማዶችን የከለከለ ሲሆን፣ በአንቀጽ 36 የሕፃናት ጥቅም ቀዳሚ እንዲሆን ደነገገ። በ1989 ዓ.ም. አካባቢ በአርሲ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጃገረድ ጠላፊዋን ገድላ ራሷን በመከላከሏ በነፃ ስትለቀቅ፣ ጉዳዩን የያዘው አዲስ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው በአርሲ የ13 ዓመት ልጃገረድ ተጠልፋ ተደፈረች። ጠላፊዋ 10 ዓመት ተፈርዶበት ሳለ በይግባኝ ተለቀቀ። ጉዳዩ በአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን ፊት ቀርቦ፣ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት መብቷን እንዳልጠበቀ ወስኖ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንዲከፈላት አሳስቧል። በመዝገብ ዓይን ካየነው ፍርዱ ከተነሣ በኋላ ያ ሰው ንጹሕ ስም ያለው ሰው ነው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ፣ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው፣ አሮጌውን በር ዘጋ። በአንቀጽ 587 መሠረት ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከቅጣት አያድንም። በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር በመነሻው ከ5 እስከ 15 ዓመት፣ ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች በሆነች ሕፃን ላይ ሲፈጸም በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል። ሕጉ ተለወጠ። ሽምግልናው ግን በአዋጅ አልተሻረም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ እርዳታ የጠየቁት አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ከመቶ 66ቱ እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም።

አምስተኛ፦ የዛሬው መዝገብ ሦስት ቀዳዳዎች

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንድ መምህር በጌዶ በተማሪው ላይ ጥቃት ፈጸመ እንበል። የሰውየው ስም ጊንጪ ድረስ የሚከተልባቸው ሦስት መንገዶች አሉ፤ በሦስቱም ላይ ቀዳዳ አለ።

የመጀመሪያው ቀዳዳ ፍርድ ነው። ቤተሰቡ በሽምግልና ከተስማማ፣ ትምህርት ቤቱም ነገሩ እንዲበርድ ሲል ሰውየውን በዝውውር ከሸኘው፣ የሚመዘገብ ነገር የለም። የትኛውም መዝገብ የሚይዘው የተፈረደበትን ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት የፈቀደው የግልና የቤተሰብ ጉዳይን በተከራካሪዎች ፈቃድ ነው። ኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ዕውቅና መስጠቱ ለአካባቢው ፍትሕ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ ሕፃንን መድፈር የቤተሰብ ጠብ ተብሎ በእርቅ እንዳይዘጋ መጠበቅ የሁላችን ኃላፊነት ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ ማንነት ነው። ስማችን በራስ፣ በአባትና በአያት የሚጠራ በመሆኑ አንድ ዓይነት ሦስት ስም ያላቸው ሰዎች በአንድ ወረዳ ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ስምን ብቻ ለሕዝብ መግለጽ ንጹሑን ሞክሼ ከወንጀለኛው ጋር አብሮ መግለጽ ነው። የአሻራ ማስረጃና በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ይህን ችግር ሊያቃልሉ ይችላሉ፤ ሆኖም የተጠበቀ አሠራር ይሻሉ።

ሦስተኛው ቀዳዳ የሚጠይቅ ሰው ነው። ፖሊስ በአሻራ አጣርቶ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚገልጽ ማስረጃ ይሰጣል። ብዙ ሰው ይህን ማስረጃ የሚያወጣው ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ነው። ሰዎቻችን በሌላ አገር ልጅ ለመጠበቅ ሲቀጠሩ ማስረጃ ይጠየቃሉ፤ እዚህ የራሳችንን ልጆች ለምናስረክበው ሰው ግን በአብዛኛው የምንጠይቀው ዋስ ነው። ዋስ ደግሞ ለጠፋ ዕቃ እንጂ ለተጎዳ ልጅ መልስ የለውም።

ስድስተኛ፦ ከሌሎች ምን እንማራለን?

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1947 የወሲብ ወንጀለኞችን መመዝገብ ጀመረ። መዝገቡ ለረጅም ጊዜ የፖሊስ ብቻ ነበር። ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ የተስፋፋው በኒው ጀርሲ በ1994 አንዲት የ7 ዓመት ሕፃን በጎረቤቷ ከተገደለች በኋላ በስሟ በተጠራው የሜጋን ሕግ ነው፤ ሕጉ በ1996 አገር አቀፍ ሆነ። እንግሊዝ በ1997 መዝገብ ስታቋቁም ለፖሊስ አደረገችው፤ በኋላም ስለ አንድ የተወሰነ ሰው ስጋት ያደረበት ወላጅ ጠይቆ መልስ የሚያገኝበትን መንገድ ጨመረች። በአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በ2007 ሕጓ ለሕዝብ ክፍት ያልሆነ መዝገብ መርጣ፣ ከሕፃናት ጋር የሚሠሩ ቀጣሪዎች እንዲያጣሩ አስገደደች። ኬንያ በ2006 ሕጓ መዝገብን ደነገገች፤ ናይጄሪያም በ2019 የራሷን ከፈተች።

የአሜሪካን ልምድ የመረመሩት ፕሬስኮትና ሮኮፍ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ሁለቱን አሠራሮች ለይቶ በማየቱ ይጠቅመናል። በፖሊስ ዘንድ መመዝገብ የወንጀልን መደጋገም ለመቀነስ ሲረዳ፣ ለሕዝብ ማሳወቅ ግን ገና ወንጀል ያልሠሩትን ቢያስፈራም የተመዘገቡትን ወደ ወንጀል የመመለስ ዝንባሌ እንዳለው አመልክቷል። ሥራም ቤትም ጎረቤትም ያጣ ሰው የሚፈራው ነገር ያንሰዋልና። ከዚህ በላይ ደግሞ አጥቂው ብዙውን ጊዜ እንግዳ አይደለም። ባል፣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ መምህር ነው። በሰፈር የተለጠፈ ዝርዝር እናትን ከማታውቀው ሰው ያስጠነቅቃል፤ ከምታውቀው አያስጠነቅቅም። አጥቂው አባት ወይም አጎት ሲሆን ደግሞ የእርሱን ስም መለጠፍ የልጅቷን ስም መለጠፍ ነው። አምቦን በሚያህል ከተማ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

ማጠቃለያ

እስካሁን ያየነው ታሪክ ወደ አንድ ሐሳብ ይመራናል። የጎደለን አደባባይ አይደለም። አደባባይ ሁልጊዜ ነበረን፤ ገበያውም፣ ሽማግሌውም፣ የዛሬው ስልክም አደባባይ ነው። የጎደለን ፍርድ የሚደርስበት መንገድና በሚገባው ቦታ የሚጠየቅ መዝገብ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሊታሰብበት ይገባል። መጀመሪያ ጥቃት ከሽማግሌ ዛፍ ሥር ወጥቶ ወደ ዓቃቤ ሕግ ይድረስ። ሁለተኛ ፍርዱ ከሰውየው ጋር በአሻራ ይያያዝ። ሦስተኛ ትምህርት ቤት፣ የሕፃናት ማሳደጊያና ከልጆች ጋር የሚሠራ ማንኛውም ተቋም ከመቅጠሩ በፊት እንዲያጣራ ይገደድ፤ ሳያጣራ ቢቀጥርም ይጠየቅ። ሕጉ ጥፋተኛን ከሙያና ከወላጅነት ሥልጣን የመሻር መሣሪያ ስላለው ዳኞች ይጠቀሙበት። አራተኛ ማን እንደሚያይ፣ ለምን ያህል ዓመት እንደሚቆይ፣ ስሕተት እንዴት እንደሚታረም በሕግ ይወሰን፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህን ችላ ማለት አይቻልም።

አምስተኛውና የመጨረሻው የሁላችንም ድርሻ ነው። የፍርድ ቤት ችሎት የግል ሕይወትን ለመጠበቅ በዝግ እንዲሆን ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል፤ የእኛ አንደበትና ስልክ ግን በዝግ አይሆኑም። የተጎጂዋን ስም ያለመናገር ሥርዓት ለመጀመር አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ጋዜጠኛ የምትሆኑ አትጻፉት፤ መምህር የምትሆኑ በመምህራን ማረፊያ አታንሡት፤ ጠበቃና ዳኛ የምትሆኑ በመዝገብ ሽፋን ላይ አታስጽፉት። ለዘመናት ስሟን ስንጠራ፣ የእርሱን ስንሸፍን ኖረናል። የምናቋቁመው መዝገብ ፍትሐዊ መሆኑ የሚለካው ይህን ልማድ በመገልበጡ ነው።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።